ማስጠንቀቂያ የሚቀድመውና የማይቀድመው አደጋ

የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ስጋት ቅነሳ ጽሕፈት ቤት በ2020 ባወጣው ዘገባ አርባ ዓመታትን ለሁለት ከፍሎ አነጻጽሯል። ከ1980 እስከ 1999 ባሉት ሃያ ዓመታት 4,212 የተፈጥሮ አደጋዎች ተመዝግበው ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲሞት፣ ከ2000 እስከ 2019 ባሉት ሃያ ዓመታት የአደጋዎቹ ቁጥር ወደ 7,348 አሻቅቦ የሟቾቹ ቁጥር ግን 1.23 ሚሊዮን አካባቢ ቆይቷል። የንብረት ኪሳራው በአንጻሩ ከ1.63 ትሪሊዮን ወደ 2.97 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከፍ ብሏል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ራቅ ተብሎ ሲታይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፤ በ1920ዎቹ የዓለም ሕዝብ 2 ቢሊዮን ገደማ በነበረበት ጊዜ ድርቅ፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ በአማካይ በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን የሚደርስ ሕይወት ያጠፉ ነበር፤ ሕዝቡ 8 ቢሊዮን ባለፈበት በአሁኑ ዘመን ግን፣ ታላላቅ ርዕደ መሬቶች ከሚደርሱባቸው ዓመታት በስተቀር፣ የሟቾቹ ቁጥር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሆኗል።

እነዚህ አኃዞች በአብዛኛው የሚቀዱት በቤልጅየም የሉቨን ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ ከሚጠናቀረውና ኤም-ዳት ከሚባለው የመረጃ ቋት ነው። አንድ ክስተት በዚህ ቋት ውስጥ የሚገባው ቢያንስ 10 ሰዎች ሲሞቱ፣ ወይም 100 ሰዎች ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ወይም መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ፣ አለበለዚያም የውጭ እርዳታ ሲጠይቅ ነው። ስለሆነም አንድ ቤተሰብ ከነከብቱ የወሰደ ደራሽ ጎርፍ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ሳተላይትና ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመስፋፋታቸው በፊት በገጠር የደረሱ ብዙ አደጋዎችም በዋና ከተማ ሳይሰሙ፣ ሳይጻፉ አልፈዋል። የአደጋዎች ቁጥር በአርባ ዓመት ውስጥ በእጥፍ የቀረበ ዕድገት ማሳየቱ ከፊሉ የተፈጥሮ፣ ከፊሉ ደግሞ የመዝጋቢው ብርታት ውጤት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከ1920ዎቹ ወዲህ የታየው የሟቾች ቁጥር መቀነስ ግን በዚህ ሊመካኝ አይችልም፤ አመዘጋገቡ እየተሻሻለ ሲሄድ ሟቾቹ በዝተው መታየት ሲገባቸው ቀንሰው ተገኝተዋልና።

ጉዳዩን ለመረዳት በዘርፉ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚለያዩአቸውን ሦስት ነገሮች መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ራሱ የተፈጥሮ ክስተቱ ማለትም መንቀጥቀጡ፣ ዝናቡ ወይም ነፋሱ ነው። ሁለተኛው በክስተቱ መንገድ ላይ የሚገኘው የሰውና የንብረት ብዛት ነው። ሦስተኛው ተጋላጭነት ነው፤ ይህም ያ ሰውና ያ ንብረት ምቱን ለመቋቋም ያላቸውን አቅም፣ የቤቱን ጥንካሬ፣ የመረጃውን ቅርበት፣ የኪሱንና የጤናውን ሁኔታ ያጠቃልላል። አደጋ የሚባለው የሦስቱ መገጣጠም ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በኅዳር 1755 የሊዝበን ከተማ በርዕደ መሬት፣ በሱናሚና በእሳት ስትወድም ዣን ዣክ ሩሶ ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ፎቅ ቤቶችን በአንድ ቦታ ያጨናነቀችው ተፈጥሮ አለመሆኗን አስገንዝቦ ነበር።

በ2010 የደረሱ ሁለት ርዕደ መሬቶች ይህንን በማያሻማ ሁኔታ ያሳያሉ። በጥር ወር በሄይቲ የደረሰው መጠኑ 7.0 ሲሆን፣ በየካቲት መጨረሻ በቺሊ የደረሰው 8.8 ነበር። መለኪያው በእኩል ርቀት የሚያድግ ስላልሆነ የአንድ ቁጥር ልዩነት በሚለቀቀው ጉልበት ላይ የሰላሳ እጥፍ ያህል ልዩነት ያመጣል፤ በዚህ ስሌት የቺሊው ከሄይቲው 500 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ጉልበት ነበረው። ይሁንና በቺሊ የሞቱት ከ500 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ በሄይቲ ግን ትንሹ ግምት እንኳ 100 ሺህ ይደርሳል፣ የመንግሥት አኃዝ ደግሞ ከ300 ሺህ ያልፋል። የሄይቲው መንቀጥቀጥ ምንጩ ጥልቀት የሌለውና ከዋና ከተማዋ አጠገብ መሆኑ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ቢያደርግም ዋናው ልዩነት በግንባታው ላይ ነበር። በ1960 መጠኑ 9.5 የሆነውን፣ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ የሚበልጠውን ርዕደ መሬት ያስተናገደችው ቺሊ፣ የሕንፃ ደንቧን ከዚያ ወዲህ ደጋግማ አጥብቃለች፤ ሕጓም የሕንፃው አካል ጉድለት ቢገኝበት የመጀመሪያውን ባለቤት እስከ 10 ዓመት ተጠያቂ ያደርጋል። በፖርቶፕሪንስ የተሠራው ቤት ሲናድ የሚጠየቅ አልነበረም።

አደጋ አምጪ ክስተቶች በዓለም ላይ የተበተኑት በዘፈቀደ አይደለም። የመሬት ቅርፊት የተሠራባቸው ግዙፍ ዝርግ አለቶች በሚጋጩበት፣ በሚተሻሹበትና በሚለያዩበት ድንበር ላይ ርዕደ መሬትና እሳተ ገሞራ ይበዛሉ፤ ከዓለም ርዕደ መሬቶች ዘጠና በመቶ ያህሉ የሚደርሱት የእሳት ቀለበት በሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ዙሪያ ነው። ሌላው ዘርፍ ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ በሂማላያና በኢራን አድርጎ እስከ ሜዲትራኒያን ይዘልቃል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ አህጉር የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው። የሐሩር አካባቢ አውሎ ነፋሶች ሞቃት ውቅያኖስ ይፈልጋሉ፤ ከምድር ወገብ በጣም ቅርብ በሆነው ቀጣና ግን የምድር ሽክርክሪት ነፋሱን ለማሽከርከር ስለማይበቃው አይፈጠሩም። ድርቅና ጎርፍም የየራሳቸው ምት አላቸው፤ የፓሲፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሰተው ኤልኒኖና ሲቀዘቅዝ የሚከሰተው ላኒና ከዚያ በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀው የሚገኙ አገሮችን የዝናብ ወቅት ያዛባሉ።

የሟቾች ቁጥር የቀነሰበትን መንገድ በቅርበት ለማየት ከባንግላዴሽ የተሻለ ቦታ የለም። በኅዳር 1970 የቦላ አውሎ ነፋስ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል የነበረውን የዴልታ ምድር ሲመታ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሰው አልቋል። በአውሎ ነፋስ አደጋ ታሪክ ይህን የሚያህል እልቂት አይታወቅም። ገዳዩ በዋናነት ነፋሱ አልነበረም፤ ነፋሱ ገፍቶ ወደ የብስ ያመጣው የባሕር ውሃ በሌሊት ደሴቶቹን ሸፈናቸው። የሚመጣው ነገር ቀደም ብሎ ይታወቅ የነበረ ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ዓሣ አጥማጁና ገበሬው ሊገባውና ሊሠራበት በሚችል መልክ አልደረሰም፤ ቢደርስም እንኳ በዚያ ዝርግ ምድር ላይ የሚሸሽበት ከፍታ አልነበረም። የማዕከላዊው መንግሥት እርዳታ መዘግየት ያስቆጣው ሕዝብ ብሶቱን በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ገልጿል፤ በ1971ም ባንግላዴሽ ነጻ አገር ሆነች።

አዲሱ መንግሥት ከቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ጋር በመሆን በ1972 የጀመረው የአውሎ ነፋስ ዝግጅት መርሐ ግብር በመሠረቱ ቀላል ነው። በየመንደሩ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ከሜትሮሎጂ ባለሥልጣኑ መልእክት ሲደርሳቸው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ የባንዲራው ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሲጨምር አደጋው መቃረቡን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያውቃል። ከዚያም ድምፅ ማጉያና በእጅ የሚዘወር ሳይረን ይዘው በእግርና በብስክሌት ቤት ለቤት ይዞራሉ። መጠለያዎቹ ውሃው በሥራቸው እንዲያልፍ በምሰሶ ላይ የቆሙ የአርማታ ሕንፃዎች ሲሆኑ በደህና ቀን ትምህርት ቤት ሆነው ያገለግላሉ፤ ለከብቶችም ከፍ ተደርገው የተደለደሉ የአፈር ጉብታዎች አሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አልተሟላም። በ1991 የደረሰው አውሎ ነፋስ ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሲገድል፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉት መካከል የሞቱት ሴቶች ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ በልጠው ተገኝተዋል፤ ሴቶች ልጆችንና ቤቱን ጥለው መሄድ አለመቻላቸው፣ ወንዶች በተጨናነቁበት መጠለያ ውስጥ ማደርንም መፍራታቸው ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ከዚህ ትምህርት በመነሣት ለሴቶች የተለዩ ክፍሎች ተሠሩ፤ ዛሬ ከ70 ሺህ ከሚበልጡት በጎ ፈቃደኞች መካከል ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

በኅዳር 2007 ሲድር የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞቱት ወደ 3,400 ሰዎች ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 2008 መጀመሪያ ላይ፣ ጉልበቱ ከሲድር የማይበልጠው ናርጊስ በጎረቤት ማይንማር የኢራዋዲን ዴልታ ሲመታ ወደ 138 ሺህ ሰዎች ሞተው ወይም ጠፍተው ቀርተዋል። ባሕሩ አንድ፣ የምድሩም ዝርግነት አንድ ነው። የለየው አንዱ ወገን ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሠራበት የቆየው፣ ሌላው ወገን ግን ያልነበረው ሥርዓት ነው። የባንግላዴሽ ስኬት ከሀብት የመጣ አለመሆኑ በተለይ ሊሰመርበት ይገባል፤ መርሐ ግብሩ ሲጀመር አገሪቱ ከዓለም እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዷ ነበረች።

ይሁን እንጂ ይህ ስኬት የቆመበት አንድ ሁኔታ አለ። አውሎ ነፋስ ከመድረሱ ቀናት አስቀድሞ በውቅያኖስ ላይ ይታያል፤ መንገዱም ይተነበያል። ዓለም በሞት ላይ ያገኘችው ድል በአብዛኛው ቀድመው በሚታዩ አደጋዎች ላይ የተገኘ ነው። መጪው ዘመን የሚያበዛቸው አደጋዎች ግን አንድም በፍጥነታቸው ጊዜ የማይሰጡ፣ አንድም ጨርሶ ለዓይን የማይታዩ ናቸው።

የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው በይነ መንግሥታት ጉባኤ በስድስተኛው ግምገማው ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የምድር አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደበለጠ አስቀምጧል፤ 2024 ደግሞ የ1.5 ዲግሪን ወሰን ያለፈ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። የዚህ ውጤት በየአደጋው ዓይነት ይለያያል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን ሊይዝ ስለሚችል፣ ዝናብ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ይበዛል፤ ዝናብ ሲጠፋም የሞቀው አየር ከአፈሩ የሚመጠው እርጥበት ይጨምራል። ጎርፍና ድርቅ በአንድ አካባቢ ተከታትለው መምጣታቸው እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስላቸው ብዙዎች ቢሆኑም ምክንያቱ አንድ ነው። እንደ ግምገማው ከሆነ፣ ሰው የአየር ንብረቱን ከማወኩ በፊት በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደርስ የነበረ ከባድ የየብስ ሙቀት በአሁኑ ጊዜ 2.8 ጊዜ ያህል ይደርሳል፤ የምድር ሙቀት በ2 ዲግሪ ከጨመረ 5.6 ጊዜ፣ በ4 ዲግሪ ከጨመረ 9.4 ጊዜ ይደርሳል። ተመሳሳዩ ስሌት ለከባድ ዝናብ ሲሠራ የአሁኑ 1.3፣ በ2 ዲግሪ 1.7፣ በ4 ዲግሪ 2.7 ነው። የአውሎ ነፋሶች ጠቅላላ ቁጥር እንደሚጨምር የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ከመካከላቸው የእጅግ ብርቱዎቹ ድርሻ ግን ላለፉት አርባ ዓመታት አድጓል።

ርዕደ መሬት ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው። በየማኅበራዊ መገናኛው ርዕደ መሬት እየበዛ እንደሆነና የዘመን ፍጻሜ ምልክት እንደሆነ ሲነገር ይሰማል፤ መዝገቡ ግን ይህን አይደግፍም። ከሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ በዓለም ላይ መጠናቸው 7 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ርዕደ መሬቶች በአማካይ በዓመት 15 ያህል፣ ከ8 በላይ የሆኑ ደግሞ አንድ ያህል ይደርሳሉ፤ የሚበዙበትና የሚያንሱበት ዓመት ቢኖርም እየጨመረ የሚሄድ አዝማሚያ አልታየም። እየጨመረ ያለው ርዕደ መሬት በሚያሰጋው ምድር ላይ የሚሠራው ፎቅና የሚኖረው ሕዝብ ነው።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚያጥርበትን ዘመን መጀመሪያ በሜክሲኮ ማየት ተችሏል። በጥቅምት 2023 ኦቲስ የተባለው አውሎ ነፋስ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከተራ ማዕበል ተነሥቶ የመጨረሻው አምስተኛ እርከን ላይ በመድረስ አካፑልኮን መታ፤ የትንበያ ሞዴሎቹ ይህን ፍጥነት አላዩትም ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም የዳንኤል ማዕበል በሊቢያ አልበይዳ ከተማ በ24 ሰዓት ውስጥ 414 ሚሊ ሜትር ዝናብ አወረደ። ጎርፉ ከደርና ከተማ በላይ በ1970ዎቹ የተሠሩትን ሁለት ግድቦች በሌሊት ጥሶ የከተማዋን መሐል ከነነዋሪዎቹ ወደ ባሕር ጠርጎ ሲወስድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ግድቦቹ ጥገና እንደሚያሻቸው አንድ የአገሪቱ የውሃ ምሕንድስና ምሁር ከአንድ ዓመት በፊት በጥናት አሳውቆ ነበር።

በስፔን ቫሌንሺያ የደረሰው ደግሞ ሀብታም አገርም እንደማይድን ያሳያል። ጥቅምት 29 ቀን 2024 የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ድርጅት ከፍተኛውን ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ገና በማለዳ ነው። ቱሪስ በምትባለው ከተማ በዚያ ቀን ከ770 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ፤ ይህም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ በላይ ነው። ሆኖም በነዋሪዎች ተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚጮኸው የአደጋ መልእክት የተላከው ምሽት ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ውሃው በርካታ ከተሞችን አጥለቅልቆ ነበር። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ መካከል መኪናቸውን ሊያወጡ ወደ ምድር ቤት ጋራዥ የወረዱ፣ በመንገድ ላይም በመኪናቸው ውስጥ የተያዙ ይገኙበታል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በነበሩባቸው ከተሞች ያን ቀን ዝናብ እምብዛም አልዘነበም፤ ጎርፉ የመጣባቸው ከላይ ከተራራው ነው። ሰማዩን አይቶ ሁኔታውን የመገመት የቆየ ልማድ በእንዲህ ያለ ቀን አያድንም።

ከሁሉም ይልቅ በዝምታ የሚገድለው ሙቀት ነው። ከባድ ሙቀት ፍርስራሽም ሆነ የሚቀረጽ ምስል አይተውም፤ ሟቹ በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም እንደሞተ ተመዝግቦ ይቀበራል። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር የሚታወቀው ከወትሮው የበለጠው የሞት ብዛት ተለይቶ ሲሰላ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት በ2003 በጋ በአውሮፓ ከ70 ሺህ በላይ፣ በ2022 በጋ ደግሞ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች በሙቀት ሳቢያ ሞተዋል። በአፍሪካ ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የተለየው አለመመዝገቡ ነው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው ከ1900 ጀምሮ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች በኤም-ዳት ውስጥ የገቡት የሙቀት ማዕበሎች ሁለት ብቻ ናቸው። ይህን የሚያነብ ሰው አህጉሩ ከሙቀት የተጠበቀ ነው ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር፣ በፀሐይ ላይ ድንጋይ የሚጠርብና ብሎኬት የሚሸከም ሰው ሞቱን የሚቆጥርለት አላገኘም ማለት ብቻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግንባታና በቤት ሠራተኝነት ለተሰማሩት በርካታ ኢትዮጵያውያንም ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ነው፤ አገሮቹ በበጋ ወራት የቀትር ሥራን በሕግ ቢከለክሉም፣ ክልከላው የሚያተኩረው ከቤት ውጭ በሚሠራ ሥራ ላይ ነው።

በሙቀት ላይም ቢሆን ሊሠራ የሚችል ነገር መኖሩን የሕንድ አሕመዳባድ ከተማ አሳይታለች። በግንቦት 2010 ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ በደረሰበት ወር ከወትሮው 1,344 ተጨማሪ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከተማዋ በ2013 በደቡብ እስያ የመጀመሪያውን የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። ትንበያው የተወሰነ ዲግሪ ሲያልፍ የስልክ መልእክት ይላካል፣ የጤና ጣቢያዎች ይዘጋጃሉ፣ የመጠጥ ውሃ በየአደባባዩ ይቀርባል፣ በድሆች መንደሮች ያሉ ጣሪያዎችም ሙቀት እንዲመልሱ ነጭ ቀለም ይቀባሉ። ወጪው ከአንድ አነስተኛ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም።

ስለ ኪሳራና ስለ መፈናቀል የሚወጡት አኃዞች በጥንቃቄ መነበብ ይኖርባቸዋል። ሙኒክ ሪ የተባለው የጀርመን የጠለፋ መድን ኩባንያ የ2024ን ዓለም አቀፍ የአደጋ ኪሳራ 320 ቢሊዮን ዶላር ሲያደርሰው፣ መድን የተገባለት 140 ቢሊዮን ያህሉ ነው፤ ይህ ግን በዋጋ ስለሚለካ የፍሎሪዳን የባሕር ዳር ቤት አጉልቶ የቦረናን ላም ያሳንሳል። በዚያው ዓመት በአደጋ ምክንያት በአገር ውስጥ የተመዘገበው መፈናቀል 45.8 ሚሊዮን ሲደርስ፣ በውስጡ አደጋው ሳይመጣ ቀድመው እንዲወጡ የተደረጉ ሰዎችም ስለሚቆጠሩ፣ የቁጥሩ ከፊል ዕድገት የመልካም ሥራ ምልክት ነው።

በኢትዮጵያ ናዳ፣ ድርቅና ርዕደ መሬት ሁሉም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይገኛሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ቀበሌ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ አብዛኞቹ ያለቁት በመጀመሪያው ናዳ አልነበረም፤ ጎረቤቶቻቸውን ከጭቃው ሊያወጡ የተሰበሰቡት ሰዎች፣ ከነርሱም መካከል የቀበሌ ኃላፊዎች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፣ በማግሥቱ ጠዋት በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ውሃ የጠገበ ተዳፋት አንድ ጊዜ ከተናደ በኋላ የቀረው አፈር ድጋፉን ስለሚያጣ እንደገና መናዱ የሚጠበቅ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሕይወት የሚያድነው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ቁፋሮው ሲካሄድ ከላይ ያለውን ተዳፋት ብቻ የሚጠብቅ ሰው መመደብ፣ ስንጥቅ ሲታይም ሁሉም እንዲወጣ ማድረግ ነው። ኢትዮጵያዊውን ደግነቱ ለተቀበረ ጎረቤት እንዲሮጥ እንደሚገፋው ስለሚታወቅ፣ ሩጫውን የሚመራ ዕውቀት ለየቀበሌው ማዳረስ ግዴታ ይሆናል።

ድርቅ በአንጻሩ ማስጠንቀቂያው ከሁሉም የሚረዝም፣ ምላሹ ግን ከሁሉም የሚዘገይ አደጋ ነው። ከ2020 መገባደጃ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል፤ በቦረና አነጋገር ሦስት ሀጋያ (የአጭሩ ዝናብ ወቅት) እና ሁለት ገና (የዋናው ዝናብ ወቅት) ማለት ነው። ከብቶች በሚሊዮኖች አለቁ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ላኒና በምዕራብ ፓሲፊክ ከሚታየው ሙቀት ጋር ሲገጣጠም የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ እንደሚከሽፍ በመረዳታቸው ከወራት በፊት ተናግረው ነበር። በ2011ም ለሶማሊያ ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ እርዳታው የጎረፈው ረሃቡ በይፋ ከታወጀ በኋላ ሲሆን፣ ወደ 260 ሺህ የሚገመት ሰው ሞቷል፤ ግማሾቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። በ2022 እርዳታው ከበፊቱ ቀድሞ በመድረሱ በሶማሊያ የረሃብ አዋጅ ባይታወጅም፣ በዚያው ዓመት ብቻ 43 ሺህ ያህል ተጨማሪ ሞት እንደደረሰ ተገምቷል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ከደረሰው እልቂት በኋላ የኢትዮጵያ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ብዙ ተሻሽሏል፤ በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ድርቅ ሁሉ ረሃብ እንዳይሆን ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2027 መጨረሻ የምድር ነዋሪ ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያወጣው ዕቅድም ተገቢ ነው። ነገር ግን ትንበያው በወጣ ቀን የሚለቀቅ፣ ከብቱ ሳይከሳ መኖ የሚገዛ ገንዘብ አስቀድሞ ካልተመደበ ማስጠንቀቂያው ብቻውን የሞት ቀጠሮ ከማሳወቅ አያልፍም።

ቀናት አስቀድሞ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ የማይገኝለት ደግሞ ርዕደ መሬት ነው። የዓለም ሳይንስ እስካሁን ርዕደ መሬት የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት መተንበይ አልቻለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሲንቀሳቀስ ያስከተለው ተከታታይ መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሎ፣ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ የሚኖሩትን ሌሊት ከእንቅልፋቸው ሲቀሰቅስ፣ ትልቁ መጠን 6.0 ገደማ ነበር። ከዚህ የባሰ በአገሪቱ ታሪክ ታይቷል፤ በ1906 በላንጋኖ አካባቢ የደረሰው አዲስ አበባን አናውጧል፣ በ1961 የካራቆሬው ማጀቴን አፍርሷል። ያኔ በሁለቱም ስፍራ የነበረው ቤት በአብዛኛው ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ፣ ፎቅ አልባ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ፣ ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆው ውስጥና ጠርዝ ላይ የቆመው አርማታ ነው፤ ብዙው ሕንፃም የምድር ወለሉ ለሱቅ ክፍት ሆኖ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ የሚቆም፣ ግድግዳው ከላይ የሚከብድ ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰበረው ይህ ክፍት ወለል ነው።

ኢትዮጵያ የርዕደ መሬት የሕንፃ ደንብ የሌላት አገር አይደለችም፤ የ1995ቱ ደንብ በ2015 በአዲስ ተተክቷል። ደንብ መኖሩ ግን ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ቱርክ አሳይታለች፤ ዘመናዊ የሕንፃ ደንብ ባላት በዚህች አገር በ2018 ደንብ ጥሰው የተሠሩ ሕንፃዎች ክፍያ እየፈጸሙ ሕጋዊ እንዲሆኑ ተፈቅዶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በየካቲት 2023 መጠኑ 7.8 የሆነው ርዕደ መሬት በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። የደንቡ መከበር የሚፈተነው በግንባታው ቦታ ነው፤ ምሰሶ በመንቀጥቀጥ ጊዜ እንዳይፈነዳ የሚይዘው ቁመታዊውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ስታፋ ነው፤ በምሰሶው ጫፎች ላይ ተቀራርቦ መታሰር፣ ጫፉም ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ይህን በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ የሚቻለው ፌሮው ከታሰረ በኋላ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ የወረዳው የግንባታ ተቆጣጣሪ በሥራው ቦታ መገኘት ያለበትም በእነዚያ ቀናት ነው።